የሬስቶራንት ፍራንቻይዝ ሲከፈት የሚመጣው የሥልጠና ክፍያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ የሬስቶራንት ፍራንቻይዝ (በታወቀ ኩባንያ ስምና አሠራር የሚከፈት ቤት) ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች ስለ ሥልጠና ወጪ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

የሥልጠና ክፍያ ምንድን ነው? ከፍራንቻይዝ ክፍያው ጋር አብሮ አይደለም እንዴ?

ብዙ ጊዜ አብሮ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ፍራንቻይዝ ሲገዙ መጀመሪያ የሚከፈል ዋና ገንዘብ አለ፤ "ፍራንቻይዝ ፊ" የሚሉት። ማክዶናልድስ ለምሳሌ 45,000 ዶላር ይጠይቃል። ቺክ-ፊል-ኤ 10,000 ዶላር ነው የሚለው፤ እዚያ ግን ቤቱም ዕቃውም የኩባንያው ስለሆነ ነገሩ ለየት ይላል። በዚህ ገንዘብ ስሙን የመጠቀም መብት ያገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሥልጠናም እዚያው ውስጥ ይካተታል።

ሥልጠናውን ለብቻው የሚያስከፍሉም አሉ። ዋናውን ክፍያ ዝቅ አድርገው ያሳዩና "የመጀመሪያ ሥልጠና" ወይም "የመክፈቻ ድጋፍ" ብለው ከሥር ሌላ መስመር ያስገባሉ። ሌሎች ደግሞ ለሁለት ሰው ነፃ ነው ይሉና ከሦስተኛው ሰው ጀምሮ ያስከፍላሉ። ስለዚህ "ይኼኛው 25 ሺህ፣ ያኛው 35 ሺህ፣ ይኼኛው ረከሰ" ብለው እንዳይቸኩሉ። ሁሉም መስመር ተደምሮ ሲታይ ርካሽ የመሰለው ሊበልጥ ይችላል።

ይህን ሁሉ የት ነው የማገኘው?

ኤፍዲዲ የሚባል፣ ኩባንያው ክፍያውንና የውሉን ሁኔታ የሚገልጽበት ሰነድ አለ። ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ኩባንያ ሁሉ ለገዢ የመስጠት ግዴታ አለበት። በፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን፣ በኤፍቲሲ ደንብ መሠረት፣ ውል ከመፈረምዎ ወይም ገንዘብ ከመክፈልዎ ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ እጅዎ መግባት አለበት። "ዛሬ ካልፈረምክ ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል" የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ይህችን 14 ቀን ያስታውሱት።

ሰነዱ 23 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ "አይተም" ይባላል። ለሥልጠና አራቱን ያንብቡ። አይተም 5 ከመክፈትዎ በፊት ለኩባንያው የሚከፍሉትን ያሳያል፤ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም እዚያው ይጻፋል። አይተም 6 በኋላ የሚመጡ ክፍያዎች ናቸው። አይተም 7 ጠቅላላ የመነሻ ወጪ በሠንጠረዥ ነው፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት አለው። አይተም 11 ውስጥ ደግሞ የሥልጠናው ሠንጠረዥ አለ፦ ምን እንደሚማሩ፣ በክፍል ስንት ሰዓት፣ በሥራ ላይ ስንት ሰዓት፣ የት ከተማ። የጉዞና የመኖሪያ ወጪ የማን እንደሆነም እዚያ ይገለጻል።

ገና ኩባንያውን ሳያናግሩ ሰነዱን ማየት ከፈለጉ፣ እንደ ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲንና ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች የተመዘገቡ ኤፍዲዲዎችን በድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያስነብባሉ። ሜሪላንድ ቢኖሩም ማየት ይችላሉ።

"ሥልጠናው ነፃ ነው" ተብያለሁ። ታዲያ ምን ያስወጣኛል?

ነፃ የሚሆነው ማስተማሪያው ነው። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ፣ የምግቡና የሠራተኛው ደመወዝ የእርስዎ ነው። ትልቁ ገንዘብም ያለው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሊከፍቱ ነው እንበል፤ ሥልጠናው ዳላስ ነው፣ ሁለት ሳምንት። የሚሄዱት እርስዎ፣ ማናጀርዎና ምክትሉ ናችሁ። ቲኬት በሰው 350 ዶላር ቢሆን 1,050 ነው። ሁለት ክፍል፣ 14 ሌሊት፣ በ130 ዶላር ሒሳብ 3,640። ምግብ በቀን በሰው 50 ቢሉ 2,100። መኪና ኪራይ 800። የማናጀሩ የሁለት ሳምንት ደመወዝ 2,400፣ የምክትሉ በሰዓት 20 ዶላር ሲታሰብ 1,600። ድምሩ 11,590 ዶላር። ለሥልጠናው ብለው ለኩባንያው ገና አንድ ሳንቲም አልከፈሉም።

ከዚያ ወደ ቤት ተመለሱ። ከመክፈቻው በፊት ባለው ሳምንት 15 ሠራተኞች 40 ሰዓት ይሠለጥናሉ። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ካውንቲ ከዚያ ከፍ ያለ ይጠይቃል፤ በስቴቱ ብቻ እንኳ ብናስበው 9,000 ዶላር። በደመወዙ ሁሉ ላይ አሠሪው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ 7.65 በመቶ አለ፤ ወደ 995 ዶላር ይሆናል። ሲጠቃለል 21,585። ለልምምድ የሚጠበሰውና የሚጣለው ሥጋና ዘይት ገና አልተቆጠረም። ዋጋዎቹን እንደ ራስዎ ሁኔታ ይቀያይሯቸው፤ አደማመሩ ግን ይኸው ነው።

አይተም 7 ላይ "የሥልጠና ወጪ" የሚል መስመር ያገኛሉ። ቁጥሩ ከዚህ አንሶ ካዩት ከሠንጠረዡ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ማብራሪያ ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ "ይህ ግምት የሠራተኞችን ደመወዝ አይጨምርም" የሚል ዓረፍተ ነገር እዚያ ተሸጉጦ ይገኛል።

ስንት ሰው መላክ አለብኝ?

ውሉ ይወስናል። የተለመደው ባለቤቱና አንድ ማናጀር ነው። ትልልቅ ቤቶች የኩሽና ኃላፊም ይጨምራሉ። ባለቤቱ ራሱ ካልሠራ "ዋና አስተዳዳሪ" የሚባል ሰው መሾምና ማሠልጠን ግዴታ የሚሆንበት ውል አለ።

ሁለት ሰው ነፃ ከሆነ ሦስተኛ ሰው መላክ ያዋጣል ወይ? በኔ እምነት፣ ክፍያው መጠነኛ ከሆነ አዎ። አንዱ የሠለጠነ ሰው በመክፈቻው ወር ቢለቅ ሌላ ሰው ዳላስ ልከው ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይችሉም።

ሥልጠናው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ከጥቂት ቀን እስከ ብዙ ወር። ሳንድዊችና ቡና ላይ ያተኮሩ ቤቶች በሳምንታት ይጨርሳሉ። ማክዶናልድስ በሌላው ጫፍ ነው፦ አመልካቹ ወደ ፍራንቻይዝ ከመግባቱ በፊት ብዙ ወር ሬስቶራንት ውስጥ ይሠለጥናል፤ ለዚያ ጊዜ ደመወዝ የለውም። በ1961 ኢሊኖይ ውስጥ የከፈቱት ሃምበርገር ዩኒቨርሲቲ የሚሉት ማሠልጠኛም አላቸው፤ ከ2018 ጀምሮ ቺካጎ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የሚረሳው የራስዎ ገቢ ነው። አሁን በኡበርም ሆነ በሆስፒታል ሥራ በወር 5,000 ዶላር የሚያገኙ ከሆነ፣ ለሥልጠናው ሁለት ወር ከሥራ መቅረት 10,000 ዶላር ማጣት ነው። ይህን የትኛውም አይተም አይነግርዎትም። የቤት ሞርጌጁ ደግሞ አይጠብቅም።

የላክኳቸው ሠራተኞች ገና እየተማሩ ነው። ደመወዝ መክፈል አለብኝ?

አዎ። የፌዴራሉ የሥራ ሕግ ሥልጠናን ከሥራ ሰዓት ውጪ አድርጎ የሚቆጥረው አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው፦ ከመደበኛ ሰዓት ውጪ ሲሆን፣ በፈቃደኝነት ሲሆን፣ ከሥራው ጋር የማይገናኝ ሲሆን፣ ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ምንም ሥራ የማይሠራ ሲሆን። ዳላስ ሄዶ የእርስዎን በርገር አሠራር የሚማር ማናጀር አራቱን አያሟላም። ሌላ ከተማ ለማደር ሲጓዝም በመደበኛ የሥራ ሰዓቱ ውስጥ የወደቀው የጉዞ ጊዜ ይከፈለዋል።

"ሠልጥኖ ሲጨርስ እቀጥረዋለሁ፤ እስከዚያ በነፃ ይማር" የሚል ዘዴ በሐበሻ ቤቶች አካባቢ ሲነገር እሰማለሁ። ለዘመድም ቢሆን አያድርጉት። ሰውየው በኋላ ቢከስስዎ ያልከፈሉት ደመወዝ ከነቅጣቱ እጥፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ በሜሪላንድ ደግሞ እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ባለቤቱ ራሱ ግን በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ አይደለም። ያንን ከኪስዎ ይችሉታል።

ሠራተኛው ሠልጥኖ ቢለቅ ወጪውን መልስልኝ ማለት እችላለሁ?

በአብዛኛው አይመከርም። ከመጨረሻ ደመወዙ ላይ ቆርጠው ከዝቅተኛው ክፍያ በታች ካወረዱት የፌዴራል ሕግ ተላልፈዋል። ከዚያም በላይ የሚጠብቁ ስቴቶች አሉ፤ እንዲህ ያለውን ውል ራሱን ዋጋ ቢስ የሚያደርጉ። ከማስፈረም ይልቅ ሦስት ወር ለቆየ ትንሽ ቦነስ መስጠት ይረክሳል።

ለመክፈቻው ከኩባንያው የሚመጡት አሠልጣኞች ወጪያቸው የማን ነው?

ይህ ነው ብዙ ሰው ያልጠበቀው ሒሳብ። ብዙ ኩባንያዎች ሊከፍቱ ሲሉ ከአንድ እስከ ጥቂት ሰው ይልካሉ። ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ከሠራተኞችዎ ጋር ይቆማሉ፤ መስመሩን ያስይዛሉ፣ ጊዜ ይቆጥራሉ፣ ያርማሉ። እርዳታው እውነተኛ ነው። ጥያቄው የቀን ክፍያቸውን፣ ሆቴላቸውንና ቲኬታቸውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። አንዳንዱ ውል ሙሉ በሙሉ በኩባንያው ያደርገዋል። ሌላው የተወሰኑ ቀናትን ነፃ ያደርግና ከዚያ በላይ በቀን በሰው ይቆጥራል።

አደጋው መክፈቻው ሲዘገይ ነው። እንዲህ ያስቡት። አሠልጣኞቹ እሑድ ማታ ገቡ። ሰኞ ጠዋት የካውንቲው ጤና ተቆጣጣሪ መጥቶ የእጅ መታጠቢያው ሙቅ ውኃ አይደርስም ብሎ ሳይፈርም ሄደ። ቧንቧ ሠሪው ረቡዕ ነው የምመጣው አለ። ድጋሚ ምርመራው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። ሦስት ሰው ሆቴል ቁጭ ብሎ ቀን እየተቆጠረ ነው፤ ወይም ተመልሰው ሄደው ሌላ ቲኬት ይቆረጣል። የቀጠሯቸው 15 ሠራተኞችም ሰዓት ይጠብቃሉ።

ስለዚህ የመጨረሻው ፈቃድ እጅዎ ሳይገባ የአሠልጣኞቹን ቀን አይቁረጡ። ኩባንያው ቀን ስጠን ብሎ ቢያጣድፍዎት "በመዘግየት ምክንያት የሚመጣ ተጨማሪ ወጪ የማን ነው?" ብለው በኢሜይል ይጠይቁ። በስልክ አይበቃም።

ሬስቶራንት ውስጥ 20 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥልጠናው ይቀርልኝ ይሆን?

አይቀርም። ኩባንያው የሚያስተምረው ምግብ ማብሰል ሳይሆን የራሱን አሠራር ነው፦ የካሸር ማሽኑን፣ የዕቃ ማዘዣውን፣ ሥጋው ስንት ሰከንድ እንደሚገለበጥ። ልምድ ያለው ሰው ሰዓት ሊቀነስለት ይችላል፤ ጠይቆ ማየት ነው።

እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም። ሥልጠናውን እወጣዋለሁ?

መናገር የሚችሉ ከሆነ በአብዛኛው ይወጡታል፤ ከባዱ መመሪያው ነው። የአሠራር መመሪያው መጽሐፍ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ የገጹን ብዛትና ማውጫውን በኤፍዲዲው ውስጥ ያሳዩዎታል፤ ወይም ከመፈረምዎ በፊት መጽሐፉን እንዲያዩ ይፈቅዱልዎታል። ዕድሉን ካገኙ አንድ ምዕራፍ አንብበው ራስዎን ይፈትኑ።

ከኩባንያው ሥልጠና ሌላ በብዙ ቦታ የምግብ ደኅንነት ማናጀር ፈተና አለ፤ ሰርቭሴፍ የሚባለው በጣም የታወቀው ነው፤ ሰርተፊኬቱ በተለምዶ አምስት ዓመት ያገለግላል። ይህ የራሱ ክፍያ አለው፤ ኩባንያውም አይከፍልልዎትም። ከዳላሱ ጉዞ በፊት ይጨርሱት። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ያደክማል።

ሥልጠናውን ካላለፍኩ ገንዘቤ ይመለሳል?

አብዛኛው ውል የመጀመሪያው ክፍያ አይመለስም ይላል። ባለቤቱ ሥልጠናውን ካላለፈ ኩባንያው ውሉን ማፍረስ የሚችልበት አንቀጽ ደግሞ በብዛት ይገባል። ሁለቱን አንድ ላይ ካነበቧቸው ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሊወድቁ ይችላሉ፣ ገንዘቡም ሊቀር ይችላል። የተወሰነውን ክፍል ቆርጠው የሚመልሱ ኩባንያዎች አሉ፤ ይህ አይተም 5 ላይ መጻፍ አለበት።

የተሻለው መንገድ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ኪራዩን ፈርመው፣ ዕቃ አዝዘው፣ ከዚያ ወደ ሥልጠና ከመሄድ ይልቅ፣ ቢቻል ሥልጠናውን ያስቀድሙ። የአሥር ዓመት ኪራይ ፈርሞ ሥልጠና መውደቅ በፍራንቻይዙ ገንዘብ ብቻ የሚያበቃ ኪሳራ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ኢሊኖይና ሚኒሶታ ያሉ ስቴቶች፣ የሻጩ ኩባንያ አቅም ደካማ መስሎ ሲታያቸው፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ከመክፈቻ በፊት ያለበትን ግዴታ እስኪጨርስ እንዳይቀበል ሊያዙ ይችላሉ። ሥልጠና ከነዚያ ግዴታዎች አንዱ ነው። ትእዛዙ ካለ በኤፍዲዲው መጨረሻ ላይ በሚገኘው የስቴት ተጨማሪ ገጽ ላይ ያገኙታል። ብዙ ሰው እስከዚያ ገጽ አይደርስም።

ተከፍቶ እየሠራ ያለን ቤት ከሌላ ባለቤት ብገዛስ? የሥልጠና ክፍያ አለ?

አለ። ቤቱ ወደ አዲስ ባለቤት ሲዛወር ለኩባንያው የሚከፈል የማስተላለፊያ ክፍያ የሚባል አለ፤ በተለምዶ የሚከፍለው ሻጩ ወይም ገዢው እንደ ስምምነታቸው ነው። ከዚያ በተጨማሪ ለአዲሱ ባለቤት ሥልጠና ለብቻው ሊከፈል ይችላል። ሁለቱንም አይተም 6 ላይ ይፈልጉ፤ አንዱ ሌላውን ያካትት እንደሆነም ያረጋግጡ።

በወገን መካከል ሽያጭ ሲሆን "እሱ ያሳየኛል፣ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል" የሚል ነገር ይመጣል። ሻጩ ቢያሳይዎት ጥሩ ነው። ኩባንያው ግን አይቀበለውም። የኩባንያውን ፈቃድና ሥልጠና ሳያገኙ ቁልፍ ከተረከቡ፣ ኩባንያው ሁለታችሁንም ውል አፍርሳችኋል ማለት ይችላል።

ሁለተኛ ቤት ስከፍት እንደገና እከፍላለሁ?

እርስዎ ራስዎ ብዙ ጊዜ እንደገና አይሠለጥኑም። አዲሱ ማናጀር ግን ይሠለጥናል። የመክፈቻ አሠልጣኞች ቁጥርም ለሁለተኛው ቤት ይቀንሳል፤ አንዳንድ ኩባንያ ጭራሽ አይልክም። ጥሩው ነገር የመጀመሪያው ቤትዎ "ማሠልጠኛ ቤት" ተብሎ ከታወቀ ማናጀሮችዎን እዚያው ማሠልጠን መቻልዎ ነው። ሦስት ወይም አራት ቤት ለመክፈት ካሰቡ ይህን ገና ከመጀመሪያው ውል ውስጥ ያስገቡ።

ከከፈትኩ በኋላ የሚመጡት የሥልጠና ክፍያዎች ምን ምን ናቸው?

ማናጀር ሲቀየር ተተኪውን ማሠልጠን ዋናው ነው። በሬስቶራንት ሥራ ሰው መቀያየሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ይህ በዓመት ቢያንስ አንዴ እንደሚመጣ አድርገው ይያዙት። የዓመት ስብሰባ አለ፤ ብዙ ጊዜ ላስ ቬጋስ ወይም ኦርላንዶ፤ መገኘት ግዴታ ሲሆን ካልተገኙም መመዝገቢያውን የሚያስከፍሉ አሉ። አዲስ ምግብ ሲወጣ ወይም አዲስ ማሽን ሲገባም ሥልጠና ይከተላል።

አይተም 6 ላይ ዋጋው በቁጥር ሳይሆን "በወቅቱ በሚኖረው ተመን" ተብሎ የተጻፈ መስመር ካዩ ያስምሩበት። ዛሬ በቀን 300 ዶላር የሆነው ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ኩባንያው ብቻ ነው ማለት ነው። ጣሪያ እንዲያስገቡለት ይጠይቁ።

ኤፍዲዲው ላይ ያልነበረ የሥልጠና ክፍያ ድንገት ቢጠይቁኝስ?

በሐምሌ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኤፍቲሲ ባለሙያዎች ግልጽ አቋም አውጥተዋል፦ ኩባንያው በኤፍዲዲው ያልገለጸውን ክፍያ በገዢው ላይ መጫንና መሰብሰብ ሕገ ወጥ ነው። በአሠራር መመሪያው መጽሐፍ በኩል አዲስ ክፍያ ሹልክ አድርጎ ማስገባትም አያድንም።

ስለዚህ የፈረሙበትን ዓመት ኤፍዲዲ አይጣሉ። ክፍያው ሲመጣ መጀመሪያ በጽሑፍ "የትኛው አይተም፣ የትኛው ገጽ?" ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ ለኤፍቲሲ ወይም ለስቴትዎ ተቆጣጣሪ ማመልከት ይችላሉ። ከሌሎች ባለቤቶች ጋር አንድ ላይ ሆኖ መጠየቅ ለብቻ ከመጮህ ይሻላል፤ ይህን ክፍያ እርስዎን ብቻ አልጠየቁም።

መደራደር ይቻላል? እነሱ "ውላችን አይነካም" ይላሉ።

ትልልቆቹ ሮያሊቲውን፣ ከሽያጩ በየጊዜው የሚወስዱትን ድርሻ፣ አይነኩም። የሥልጠና ነገር ላይ ግን በር አለ፤ ምክንያቱም ለኩባንያው ገቢ ሳይሆን ወጪ ነው፣ አንድ ሰው ጨምሮ ማስተማር ብዙም አይጎዳውም። ሦስተኛ ሰው በነፃ ማካተት፣ ሥልጠናውን ቀረብ ባለ ከተማ ማድረግ፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ተተኪ ማናጀር ያለ ክፍያ ማሠልጠን፣ ክፍያው በዓመት ከተወሰነ በመቶ በላይ እንዳይጨምር ማድረግ። ገና ብዙ ቤት የሌለው አዲስ ኩባንያ ከሆነ ከዚህም በላይ ይሰጣል።

ከመደራደርዎ በፊት አይተም 20ን ይክፈቱ። የነባር ባለቤቶችና ባለፈው ዓመት የወጡ ሰዎች ስምና ስልክ እዚያ አለ። አምስት ስድስት ሰው ይደውሉ። "ሥልጠናው ጥሩ ነበር?" ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። "ከመክፈትህ በፊት ለሥልጠና በጠቅላላው ስንት ወጣብህ?" ብለው ይጠይቁ። "አሠልጣኞቹ ስንት ቀን ቆዩ?" ይበሉ። ከወጡት ሰዎች የሚገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይረዝማል።

በታክስ ላይ ወዲያው ማስቀነስ እችላለሁ?

ሙሉውን አይደለም። ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ለሠራተኛ ሥልጠና የወጣው ገንዘብ "የመነሻ ወጪ" ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,000 ዶላር ማስቀነስ ይቻላል፤ ቀሪው በ180 ወር ይከፋፈላል። ጠቅላላ የመነሻ ወጪው ከ50,000 ካለፈ ያቺ 5,000ም ባለፈው ልክ እየቀነሰች ትሄዳለች። ዋናው የፍራንቻይዝ ክፍያ ደግሞ በ15 ዓመት ነው የሚቀነሰው።

ሁለተኛ ቤት ሲከፍቱ ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል። ያንኑ ሥራ እያሰፉ ስለሆነ የሥልጠናው ወጪ እንደ መደበኛ ወጪ ሊታይ ይችላል። ለእያንዳንዱ ቤት ለአካውንታንትዎ የሚሰጡት የተለየ ደረሰኝ ካልያዙ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። የሥልጠናውን ጉዞ ለብቻ በአንድ ካርድ ይክፈሉ።

በባንክ ብድር ይሸፈናል?

የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግዶች መሥሪያ ቤት፣ ኤስቢኤ፣ ዋስ በሚሆንበት 7ኤ በሚባለው ብድር ውስጥ የፍራንቻይዙ ክፍያም የሥራ ማስኬጃውም ሊገባ ይችላል። ችግሩ ሰዎች ማመልከቻው ላይ የአይተም 7ን ዝቅተኛ ቁጥር መጻፋቸው ነው። ብድሩ ከጸደቀ በኋላ የሠራተኞቹ ደመወዝ ሲመጣ ገንዘቡ ያልቅና ወደ ክሬዲት ካርድ ወይም ወደ ዕቁብ ይሮጣሉ። ከላይ እንደ ደመርነው አድርገው የራስዎን ቁጥር ይዘው ይቅረቡ።

አዲስ አበባ ላይ የውጭ ብራንድ ለመክፈት ባስብስ?

ይቻላል፤ ፒዛ ሃት በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ የገባው በአገር ውስጥ ኩባንያ በኩል ነው። ግን እዚህ የጻፍነው የኤፍቲሲ ደንብ የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ለሚከፈት ቤት ብቻ ነው። ለአዲስ አበባ ውል የ14 ቀኑም የአይተሞቹም ጥበቃ የለም፤ ያለዎት ውሉ ብቻ ነው።

የሥልጠና ወጪውም መልኩን ይቀይራል። ማናጀሮችዎን ወደ አሜሪካ ለመላክ ቪዛ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢከለከል ቲኬቱና ቀኑ ይበላሻል። ብራንዱ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላይ ማሠልጠኛ ቤት ካለው ሥልጠናው እዚያ እንዲሆን ውሉ ላይ ያስጽፉ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚከፈልም አብረው ይወስኑ።

የራሴ የሐበሻ ምግብ ቤት አለኝ። ለሌላ ሰው ስሜን ሰጥቼ ለሥልጠና ባስከፍል ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ የገቡበት ሰዎች አሉ። በፌዴራሉ ደንብ ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲገኝ ፍራንቻይዝ ነው፦ ስምዎን እንዲጠቀም መፍቀድ፣ አሠራሩን መቆጣጠር ወይም ከባድ እርዳታ መስጠት፣ ገንዘብ መቀበል። ወረቀቱ ላይ "ሽርክና" ወይም "ላይሰንስ" ብሎ መጻፍ አያድንም። ግዴታ የሆነ የሥልጠና ክፍያም እንደ ክፍያ ይቆጠራል። ሰውየው ከመክፈቱ በፊትም ሆነ ከከፈተ እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚከፍለው ሁሉ ተደምሮ ከ735 ዶላር በታች ከሆነ ከደንቡ ነፃ ነው፤ ይህ ቁጥር ከ2024 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ለአንድ ወር የሽሮና የክትፎ ሥልጠና ማን 700 ዶላር ብቻ ያስከፍላል? ስለዚህ ኤፍዲዲ ማዘጋጀት ሊኖርብዎ ነው። የኒውዮርክ ሕግ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል።

ሰውየው በራሱ ስም ከፍቶ እርስዎ አሠራሩን ብቻ ቢያስተምሩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንጀራው እንዴት እንደሚቦካ፣ ምጣዱ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚያዝ፣ ለመቶ ሰው ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩታል፤ ስምዎን አይሰጡም፤ ከሽያጩም ድርሻ አይወስዱም። ያ የማማከር ሥራ ነው። ዋጋውን ተስማምተው፣ አጭር ውል ጽፈው፣ በደረሰኝ ያስከፍሉ።